በእስስት ቆዳ ላይ ቁስልና ኢንፌክሽን ሲታይ የሚሠሩ ስህተቶች

እስስትን በቤት መያዝ በጎንደር የተለመደ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ገና ሲያያት ይሸሻል፣ ልጆችም በድንጋይ ያሳድዷታል። ቢሆንም ድመት ነክሷት ወይም ከአጥር ቁጥቋጦ ላይ ወድቃ ሰው ቤት የምትገባ እስስት አትጠፋም። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ ከአዘዞ በካርቶን ይዟት የመጣችውን አንዲት እስስት ለማዳን ስል ያጠፋሁት ጥፋት ነው ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ። የዱር እንስሳትን መያዝ በሕግ የሚገዛ ጉዳይ ስለሆነ፣ የተጎዳች እስስት ያገኘ ሰው አስቀድሞ ስለ ፈቃዱ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች እንስሳዋ በእጃቸው ለምትገኝ ሰዎች የተጻፉ ናቸው።

የጠቆረ ቆዳን ሁሉ የታመመ ቆዳ አድርጎ ማየት

እስስት ሲበርዳት፣ ስትፈራና ስትቆጣ ትጠቁራለች። ጠዋት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በጎንደር ቅዝቃዜ ጠቁራ የምትገኝ እስስት አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ለመሰብሰብ ብላ እንጂ ታማ አይደለም። ቀለሟ የሚለወጠው በቆዳዋ ውስጥ ያሉ ሕያዋን ሕዋሳት ስለሚሠሩ ነው። ጥቁሩ ቀለም በሕዋሳቱ ውስጥ ሲበተንና ሲሰበሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ደግሞ በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ፣ ብርሃን የሚመልሱ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ፣ ከቆዳዋ ላይ ተመልሶ የሚታየን ብርሃን ይለያያል። የሞተ ወይም የቆሰለ ቆዳ ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ስለዚህ እስስትን ለመመርመር የሚመቸው ጊዜ ማታ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ እላለሁ። እስስት ስትተኛ መላ ሰውነቷ ይገረጣል። ከመሸ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሳትነኳት የእጅ ባትሪ ለአፍታ አብሩባትና ከጭንቅላቷ እስከ ጅራቷ ጫፍ ተመልከቷት። ሌላው ቆዳ ገርጥቶ ሳለ አንድ ቦታ ብቻ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ከቀረ፣ ያ ቦታ ተቃጥሏል፣ ተቀጥቅጧል ወይም ኢንፌክሽን ይዞታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የጣቶቿና የጅራቷ ጫፍ፣ የከንፈሯ ዳርና የጀርባዋ ሸንተረር በተለይ መታየት ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ከቆዳዋ ሥር የተጠማዘዘ ክር የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ ትል ሊሆን ይችላል፤ ከዱር በተያዙ እስስቶች ላይ ያጋጥማል፣ የሚያወጣውም ሐኪም ነው።

ያልተነሣ ልጣጭን በእጅ መንቀል

እባብ ቆዳውን እንደ ካልሲ በአንድ ጊዜ ይጥላል፤ እስስት ግን በቁርጥራጭ ነው የምትጥለው። ለመለወጥ ስትደርስ ቆዳዋ ይፈዝዛል፣ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ሽፋን ይነሣል፣ እሷም ራሷን በቅርንጫፍ ላይ ታሻለች። ይህ ጤናማ ነገር ነው። ስህተቱ የሚመጣው የተንጠለጠለውን ቁራጭ አይተን እንርዳት ስንል ነው። ያልደረሰውን ልጣጭ ስንስበው ከሥሩ ያለው ገና ያልጠነከረ ቆዳ አብሮ ይነሣል፤ ባክቴሪያም የሚገባው በዚያ ነው። ከዓይኗ ሽፋን ላይ መሳብ ከሁሉ የከፋው ነው።

ከቀናት በኋላም ያልወደቀ ልጣጭ ግን ዝም አይባልም። በጣትና በጅራት ጫፍ ላይ ተደራርቦ ሲደርቅ እንደ ታሰረ ክር ደም ያግዳል፣ ጫፉም ጠቁሮ ይወድቃል። የእኔዋ የግራ የኋላ እግሯን አንዱን ጥፍር ያጣችው እንዲህ ነው፤ ቀለበት የመሰለችውን ደረቅ ልጣጭ አያት ነበር፣ ትወድቃለች ብዬ ተውኳት። የሚሻለው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውሃ በጉም መልክ መርጨት፣ ሻካራ ቅርንጫፍ ማቅረብ፣ ከዚያም የላላውን ብቻ በረጠበ የጥጥ ጫፍ በቀስታ ማሸት ነው። ልጣጩ በተደጋጋሚ የሚጣበቅባት እስስት የውሃ እጥረት፣ የምግብ ጉድለት ወይም ቅንቅን ሊኖርባት ስለሚችል፣ መፈለግ ያለበት ምክንያቱ ነው።

በማሞቂያ አምፖል ማቃጠል

ከሁሉ በላይ የሚጸጽተኝ ይህ ነው። የጫጩት ማሞቂያ አምፖል ገዝቼ ከሽቦ ቤቷ ጣሪያ ላይ፣ ከከፍተኛው ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር እንኳን በማይሞላ ርቀት ሰቀልኩት። ከውጭ አገር በተጻፈ ምክር ላይ ለእስስት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ መሞቂያ ቦታ እንደሚያስፈልግ አንብቤ ነበር። ያ ምክር ግን የተጻፈው ከየመንና ከሳዑዲ ዓረቢያ ስለተገኘችው እስስት ነው፤ በዓለም ላይ በቤት ከሚያዙት እጅግ የምትበዛው እሷ ስለሆነች ጽሑፉ ሁሉ ስለ እሷ ይመስላል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የምትኖረው ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የምትባለው ትንሿ እስስት ግን የደጋ እንስሳ ናት፤ ያን ያህል ሙቀት አትፈልግም፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው በጎንደር ደግሞ የጠዋቷ ፀሐይ ራሷ መልካም መሞቂያ ናት።

እስስት ሰውነቷ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጀርባዋ ብቻ ከአምፖሉ ሥር ሲቃጠል ፈጥና አትሸሽም። በእኔዋ ጀርባ ሸንተረር ላይ መጀመሪያ የታየው የምስር ፍሬ የምታህል ገርጣ ያለ ነጥብ ነበረች፤ አልቆሰለም፣ አልደማም። በሦስተኛው ቀን ነጥቧ ጠቁራ ዳሯ ተነሣ። ቃጠሎ መልኩን ቀስ ብሎ ስለሚያሳይ፣ የመጀመሪያው ቀን ነጥብ ትንሽ ናት ብሎ መዘናጋት አይገባም። አምፖል ካስፈለገ ከቤቷ ውጭ ይሰቀል፣ ጀርባዋ የሚደርስበትን ቦታ ቴርሞሜትር አስቀምጣችሁ ለኩት፣ እጃችሁን በዚያው ቦታ ለደቂቃ አቆይታችሁም የሚለበልብ ከሆነ አርቁት።

የቤት መድኃኒትና የሰው ቅባት መቀባት

እናቴ ቁስሉን አይታ «ቅቤ ቀባው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ፤ እኔም ቀባሁት። ቅቤና ዘይት ሙቀትን በቁስሉ ውስጥ ይይዛሉ፣ አቧራና ጀርም ይሰበስባሉ፣ ልጣጩም በደንብ እንዳይነሣ ያደርጋሉ። አረቄና አልኮል፣ እንዲሁም በቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሊድን የጀመረውን ሥጋ ጭምር ያቃጥላሉ። ከፋርማሲ ለእከክና ለሽፍታ የሚገዙት ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ስቴሮይድ ቁስሉን ለጥቂት ቀን ያሻለ አስመስሎ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ከሥር ይሰፋል። ሕመም ለማደንዘዝ ሊዶኬይን ወይም ቤንዞኬይን የተጨመረባቸውም ለዚህች ትንሽ አካል መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ቁስሉን በንጹሕ የጨው ውሃ ወይም ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ በቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን (ቡናማው የቁስል ማጽጃ) በቀስታ ማጠብ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። እንስሳዋን ይዤ የሄድኩባቸው አንጋፋ የእንስሳት ሐኪም ቅቤውን በትዕግሥት ጠርገው ሲያበቁ «አይዞህ ልጄ፤ መጀመሪያ አምፖሉን አርቅ፣ ከዚያ ስለ መድኃኒት እንነጋገራለን» አሉኝ።

እብጠትን በመርፌ ማፍረጥ

የእኛ እባጭ ሲበስል ይፈነዳል፣ መግሉም ይፈሳል። የእስስትና በአጠቃላይ የተሳቢ እንስሳት መግል ግን አይፈስም፤ እንደ አይብ የጠጠረ ነገር ነው፣ ዙሪያውንም ከረጢት ይሠራል። በመንጋጋዋ፣ በእግሯ መገጣጠሚያ ወይም በዓይኗ አካባቢ የወጣን እብጠት ብትወጉት የምታገኙት ደምና አዲስ የኢንፌክሽን በር ብቻ ነው። ሐኪሙ አደንዝዞ፣ ከፍቶ፣ ጠጣሩን ከነከረጢቱ ማውጣት አለበት፤ ከረጢቱ ከቀረ እብጠቱ ይመለሳል።

የበግና የከብት መድኃኒት በግምት መስጠት

በከተማችን በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የሚገኘው መድኃኒት ለበግ፣ ለፍየልና ለከብት የተዘጋጀ ነው። ለቅንቅንና ለመዥገር ተብሎ በብዛት የሚሸጠውን አይቨርሜክቲን እንውሰድ። አንድ ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በዚያው ሒሳብ 50 ግራም ለምትመዝን እስስት የሚደርሳት 0.001 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህን የሚለካ መርፌ በእጃችን የለም። አንዲት ጠብታ ወደ 0.05 ሚሊ ሊትር ስለሆነች፣ «አንድ ጠብታ ብቻ» ያልነው የ50 እጥፍ መጠን ይሆናል። ይኸው መድኃኒት ለኤሊ በትክክለኛ መጠንም ቢሆን ገዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ተሳቢ እንስሳ የቻለውን ሌላው ይችላል ብሎ መገመትም አይቻልም። ዳያዚኖንን የመሰለ በከብት ላይ የሚረጭ መድኃኒት ደግሞ በፍጹም እስስት ላይ አይረጭ።

አንቲባዮቲክም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። ተሳቢ እንስሳት መድኃኒትን ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት በዝግታ ስለሆነ ሴፍታዚዲም የተባለው መድኃኒት ለእነሱ በየሦስት ቀኑ አንዴ ይሰጣል፤ በየቀኑ መውጋት ጉዳት እንጂ ፍጥነት አያመጣም። የኋላ እግር ደም በኩላሊት በኩል ስለሚያልፍ ሐኪሞች መርፌውን በፊተኛው የሰውነት ክፍል መውጋት ይመርጣሉ። ኤንሮፍሎክሳሲን ደግሞ በተወጋበት ቦታ የእስስትን ቆዳ ሊያጠቁርና ሊገድል ይችላል፤ ቆዳ ለማዳን የተሰጠው መርፌ ራሱ ቁስል ይተዋል ማለት ነው።

ናሙና ሳይታይ ፈንገስ ነው ወይም አይደለም ማለት

ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ያዘለ፣ ቀስ እያለ የሚሰፋ ቁስል በናኒዚዮፕሲስ ወገን ፈንገስ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ፈንገስ በእስስቶች ላይ የታወቀ ነው፣ ከቆዳ አልፎም ወደ ሥጋና ወደ ውስጥ አካል ይገባል። ዓይን ግን ከባክቴሪያ ወይም ከቃጠሎ ሊለየው አይችልም። ከቁስሉ ዳር ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በላቦራቶሪ መታየት አለበት፤ ሕክምናውም ለሳምንታት ምናልባትም ለወራት በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና የእንስሳት ሳይንስ ኮሌጅ ስላለ፣ ባለሙያ ለማግኘት መጀመሪያ የምጠይቀው እዚያ ነው። ምርመራው እስኪታወቅ እንስሳዋ ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ቅርንጫፎቿ ይቃጠሉ፣ በሌላ እንስሳ ቤት አይግቡ።

ክረምትና በጋን በአንድ ዓይነት ውሃ ማሳለፍ

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ ችግሩ ድርቀት ነው። እስስት አብዛኛውን ጊዜ ከሳህን አትጠጣም፤ ከቅጠል ላይ ጠብታ ትልሳለች። ስለዚህ ሳህን ሞልቶ ተቀምጦላትም በጥም ልትጎዳ ትችላለች። ዓይኖቿ ከጎደጎዱና ነጭ መሆን የሚገባው የሽንቷ ክፍል ብርቱካናማ ከሆነ ውሃ ጎድሏታል፣ ቆዳዋም በደንብ አይለወጥም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ሳያቋርጥ፣ ቤቱ ሳይደርቅ በበጋው ልማድ ውሃ የምንረጭ ከሆነ ሻጋታ ይይዛል፣ የእግሯ መዳፍም ይቆስላል። በሁለት መርጨት መካከል ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ አየር የማያሳልፍ የመስታወት ሣጥንም ለዚህ አይሆንም። የመስኮት መስታወት ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን የፀሐይ ጨረር ስለሚያግድ፣ በመስኮት በኩል የሚገባውም ፀሐይ ውጭ እንደመሞቅ አይቆጠርም።

የሕፃናት ቫይታሚን ኤ መስጠት

የቫይታሚን ኤ እጥረት የእስስትን ዓይን ያሳብጣል፣ ቆዳ መለወጧንም ያበላሻል። ይህን የሰማ ሰው በጤና ጣቢያ ለሕፃናት የሚሰጠውን እንክብል ቆርጦ ሊሰጣት ይነሣል። ሰማያዊው 100,000፣ ቀዩ 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት የያዙ ስለሆኑ ጠብታቸው እንኳን ከመጠን ያለፈ ነው፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ ደግሞ ራሱ ቆዳን እያደረቀ ይልጣል። የምትመግቧትን ፌንጣ አስቀድማችሁ ካሮትና ጎመን አብሏት፤ ቀሪውን ሐኪሙ ይወስን።

እጅን አለመታጠብ

እስስት ጤነኛ ሆና ሳለ ሳልሞኔላ የተባለውን፣ ሰውን በተቅማጥ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ከነኳት በኋላ በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃዋን በወጥ ቤት አለማጠብ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ማራቅ ግድ ነው።

ቅርፊቱ ሲወድቅ ሕክምናን ማቋረጥ

የእስስት ቁስል እንደ እኛ በሳምንት አይድንም፤ በተከታታይ ቆዳ በለወጠች ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ነው የሚሞላው። በየሳምንቱ በአንድ ሌሊት፣ በተመሳሳይ ርቀት ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ብታነጻጽሩ ዳሩ እየጠበበ መሆኑን በትክክል ታያላችሁ፤ መድኃኒቱም ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን ያህል ይቀጥል። የእኔዋ የዳነችው ቆዳዋን ለአራተኛ ጊዜ ከለወጠች በኋላ ነበር። በጀርባዋ ላይ የቀረችው የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ዛሬም ሌላው ሰውነቷ ሲገረጣ አትገረጣም፤ ለስላሳና ደረቅ እስከሆነች፣ መጠኗም እስካልጨመረ ድረስ ግን እንደገና መድኃኒት አይቀባባትም።