ውሃ የሚያቁረውን የበቆሎ ማሳ እንዲህ አስተካከልኩት

ጅማ ዳር ያለችው ማሳችን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ናት። ዳገቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ዝናቡን ሲጠጣ፣ የኛው ሐምሌ ላይ ውሃ ያቁራል፤ በቆሎውም ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ሰው ሁሉ "ዩሪያ ጨምርበት" ይላል። ግን ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ የዩሪያው ናይትሮጅን፣ ማለት ሰብሉን የሚመግበው ንጥረ ነገር፣ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይበናል፣ ብር መበተን ነው።

በዶማ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ላዩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ እርጥቡን በጣት ስታሹት እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፣ ብዙም አይጣበቅም። ደለል የበዛበት አፈር ጠባዩ ይሄ ነው። ከስንዝር ትንሽ ዝቅ ሲል ግራጫና ዝገት የሚመስሉ ነጠብጣቦች መጡ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ፦ ግራጫው ቦታ፣ ውሃ ተኝቶ አየር ያጣበት ነው፣ ዝገቱ ደግሞ አፈሩ ሲደርቅ አየር ያገኘ ብረት። ዓመቱን ሙሉ ረግረግ ቢሆን ኖሮ ግራጫው እስከ ላይ ይደርስ ነበር።

በላይኛው ጠርዝ ቦይ ቆርጬ ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ጎን መለስኩት። ውስጡን ከፍ ባለ መደብ ሠራሁ፣ በመካከል ያሉት ቦዮች በለስላሳ ተዳፋት ወደ መውጫው ይሄዳሉ፤ ቁልቁል ቀጥ ብለው ከተቆረጡ ደለሉ ቶሎ ይሸረሸራል። መሬቱ ርሶ ሳለ በሬ አላስገባም፣ ምክንያቱም ይጠቀጠቅና ውሃው ጭራሽ አልወርድም ይላል። ዩሪያውንም ከፋፍዬ፣ ውሃው ሲጠነፍፍ ነው የምሰጠው።

በቆሎው አሁን አረንጓዴ ነው። የታችኛው ጥግ ግን ዛሬም ያቁራል፤ እሱን ለጎደሬ ለቅቄዋለሁ።