ስኖርት ይነሣል፣ ማንቂያ ግን አይሰጥም፦ ምልክት፣ መንሥኤና መፍትሔ

ስኖርትን (የኔትወርክ ትራፊክን በተጻፉለት ደንቦች እየመረመረ ጥቃት ሲያይ ማንቂያ የሚጽፍ ፕሮግራም) ከትእዛዝ መስመር የሚያስኬዱ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት አቤቱታ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሙ ያለ ስሕተት ይነሣል፣ ፓኬት ይቆጥራል፣ ማንቂያ ግን አንድም አይጽፍም። የሚከተለው በዋናነት ስለዚሁ ችግር ነው። የኢንተርፌሱ ስም ትክክል መሆኑ፣ ፕሮግራሙ በሩት ፈቃድ መነሣቱና ኮንፊገሬሽኑ በትልቁ ቲ አማራጭ ተፈትሾ ማለፉ አስቀድሞ እንደተረጋገጠ እንቆጥራለን። በትእዛዞቹ ውስጥ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያየ ሥራ ስላላቸው፣ የትኛው እንደሆነ በየቦታው ተገልጿል።

ገና ሲነሣ የሚቆም ከሆነ

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የስሕተት መልእክቱ ፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ይናገራል፣ ማንበብ ብቻ ይበቃል። ለስኖርት 2 የተጻፈ ኮንፊገሬሽን በስኖርት 3 አይሠራም፤ አዲሱ የሚያነበው ሉዋ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ስለሆነ አሮጌውን ስኖርት-ቱ-ሉዋ በሚባለው መሣሪያ መቀየር ያስፈልጋል። በራስ የተጻፈ ደንብ ሴሚኮለን ከተረሳበት አይጫንም፤ የመለያ ቁጥሩም 1,000,000 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ ከዚያ በታች ያለው ለሌላ የተያዘ ነው። ሱሪካታን (የስኖርት ዓይነት ሌላ መርማሪ ፕሮግራም) የሚያስኬዱ ደግሞ በያምል የኮንፊገሬሽን ፋይላቸው ውስጥ የመስመሩን መነሻ ወደ ውስጥ ለመግፋት ታብ አይጠቀሙ።

የተቀበለው ፓኬት ዜሮ ወይም እጅግ ጥቂት ከሆነ

ኮንትሮልና ሲን ተጭነው ስኖርትን ሲያቆሙት የቁጥር ሠንጠረዥ ያወጣል። ይህን ሠንጠረዥ ሳያዩ ተርሚናሉን ዘግተው «አይሠራም» የሚሉ ሰዎች ያስገርሙኛል፤ የመልሱ ግማሽ ያለው እዚያ ነውና። የተቀበለው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ስዊቹ ላይ ያለው የሚረር ፖርት (የሌሎች ፖርቶችን ትራፊክ ገልብጦ የሚልከው) አልተከፈተም ወይም ኢንተርፌሱ አልተነሣም፤ የሚያዳምጥ ኢንተርፌስ የአይፒ አድራሻ ባያስፈልገውም መነሣት ግን አለበት። ሚረር ፖርቱ የሚገለብጠው የአንድ አቅጣጫ ትራፊክ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፓኬት ይደርሳል፣ ግንኙነቱ ግን ምንጊዜም ጎደሎ ሆኖ ይታያል። የተጣለው ቁጥር ከፍ ካለ ማሽኑ አልቻለም ማለት ነው፤ የማያስፈልጉ ደንቦችን ቀንሱ።

ፓኬቱ እየደረሰ ማንቂያ ካልወጣ

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ መንሥኤውም በአብዛኛው የኔትወርክ ካርዱ ኦፍሎድ ነው። የዛሬ ካርዶች ፕሮሰሰሩን ከሥራ ለማሳረፍ የቼክሰሙን (ፓኬቱ በመንገድ አለመበላሸቱ የሚጣራበት ቁጥር) ስሌት ራሳቸው ይሠራሉ። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ወደ ውጭ የሚወጣውን የቲሲፒ ፓኬት ቼክሰሙን በከፊል ብቻ ሞልቶ ለካርዱ ያስረክባል፣ ካርዱም ወደ ሽቦው ከመልቀቁ በፊት ያሟላዋል። በዚያው ማሽን ላይ የሚሠራ ስኖርት ግን ቅጂውን የሚወስደው ፓኬቱ ካርዱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ እርሱ የሚያየው ቼክሰም ያላለቀ ነው። ስኖርት በነባሪ ሁሉንም ቼክሰም ስለሚፈትሽ ፓኬቱን የተበላሸ ነው ብሎ ይተወዋል፤ መቁጠሩን ይቆጥረዋል፣ በደንቦቹ ግን አይመረምረውም።

ጉዳቱ በወጪው ፓኬት ብቻ አይቆምም። ሰርቨሩ ለደንበኛው ግንኙነት መክፈቻ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ራሱ ወጪ ፓኬት ስለሆነ ይጣላል፤ ስለዚህ ግንኙነቱን የሚከታተለው ክፍል የሦስቱን ደረጃ መክፈቻ ሙሉ ሆኖ አያየውም። ከተዘጋጁት ደንቦች አብዛኞቹ የቲሲፒ ደንቦች የሚሠሩት ግንኙነቱ በወጉ ተመሥርቷል ከተባለ በኋላ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ገቢው ፓኬት ቼክሰሙ ያለ እንከን ሆኖ፣ ጥቃቱም በውስጡ በግልጽ ተጽፎ ሳለ ማንቂያ ሳይወጣ ያልፋል።

ሰዎችን የሚያታልለው ደግሞ ፒንግ ነው። ለሙከራ ማንኛውንም አይሲኤምፒ (ፒንግ የሚጠቀምበት ፕሮቶኮል) የሚይዝ ደንብ ይጽፋሉ፣ ፒንግ ያደርጋሉ፣ ማንቂያው ስክሪኑን ይሞላዋል፣ «በሚገባ ይሠራል» ብለው ይሄዳሉ። በሊነክስ ላይ የፒንግ ቼክሰም የሚሰላው በሶፍትዌር ስለሆነ ኦፍሎዱ አይነካውም፤ ስለዚህ በፒንግ ማለፉ ስለ ቲሲፒ ምንም አያረጋግጥም። እባካችሁ በፒንግ ብቻ ፈትሻችሁ አታስረክቡ። በኤችቲቲፒ ገጽ ጠይቃችሁ፣ በምላሹ ውስጥ የሚገኝ ቃል የሚፈልግና የተመሠረተ ግንኙነት የሚጠይቅ ደንብ ጽፋችሁ ሞክሩ።

መንሥኤው ይኸው መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የስኖርት 2 የመዝጊያ ሠንጠረዥ ነው፤ የተበላሸ ቼክሰምን የሚቆጥረው መስመር ከዜሮ ርቆ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ስኖርት 3 ደግሞ ይህንኑ በየፕሮቶኮሉ ለያይቶ ይቆጥራል። ሁለተኛው ፓኬቶችን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ትንሹን ቪ ሁለት ጊዜ ሰጥቶ በዚያው ኢንተርፌስ ላይ ማስኬድ ነው። ከማሽኑ በሚወጡት ፓኬቶች መስመር ላይ «ኢንኮሬክት» የሚለው ቃል፣ አጠገቡም ሊሆን የሚገባው ትክክለኛ ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ በገቢዎቹ ላይ ግን «ኮሬክት» ይላል። ወጪው ሁሉ ተበላሽቶ ገቢው ሁሉ ደኅና ከሆነ ኦፍሎድ ነው እንጂ የኬብል ወይም የስዊች ብልሽት አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ሳያይ ደንቦቹን ደጋግሞ አስጻፈ፣ ፕሮግራሙን አስነቅሎ እንደገና አስጫነ፣ በመጨረሻም ካርዱን አስቀየረ፤ አዲሱ ካርድ ከአሮጌው የበለጠ ኦፍሎድ የሚያደርግ ስለነበረ ነገሩ ባሰበት።

በዚያው ምልከታ የፓኬቱንም ርዝመት ተመልከቱ። ጂአርኦና ኤልአርኦ የሚባሉት ገጽታዎች ተከታታይ ገቢ ፓኬቶችን አጣብቀው አንድ ትልቅ ፓኬት ያደርጋሉ፤ የኢተርኔት ፓኬት ከ1514 ባይት በላይ ሆኖ ከታየ (ጃምቦ ፍሬም፣ ማለትም ከመደበኛው የሚበልጥ ፓኬት፣ ካልተከፈተ በቀር) እነርሱ ናቸው። ስኖርት 2 በነባሪ ከአንድ ፓኬት 1518 ባይት ብቻ ስለሚወስድ የቀረው ተቆርጦ ይቀራል፣ በተቆረጠው ክፍል ውስጥ የነበረም ጥቃት አይታይም። ይህ ችግር በሚረር ፖርት ላይ በሚያዳምጥ ማሽንም ይደርሳል፤ ቼክሰሙ ደኅና ስለሆነ ብቻ ነፃ ነን አትበሉ።

መፍትሔው ኢትቱል በሚባለው ትእዛዝ ነው። ትንሹ ኬ የካርዱን ገጽታዎች ያሳያል፣ ትልቁ ኬ ይቀይራል። አርኤክስና ቲኤክስን (የገቢና የወጪ ቼክሰም)፣ ቲኤስኦና ጂኤስኦን (ትልቅ ወጪ ፓኬትን የሚከፋፍሉ)፣ ጂአርኦና ኤልአርኦን አንድ በአንድ ኦፍ አድርጉ፤ ከዚያም በትንሹ ኬ ተመልሳችሁ መጥፋታቸውን አረጋግጡ። አጠገቡ «ፊክስድ» የሚል የተጻፈበት ገጽታ በዚያ ድራይቨር አይቀየርም፤ ርካሽ ካርድ ገዝቶ ለዚህ ሥራ ማሰማራት የሚያስከትለውን ጣጣ እዚህ ላይ ታገኙታላችሁ። በርካታ ካርዶች በቦንድ ከተጣመሩ ትእዛዙ በእያንዳንዱ አካላዊ ካርድ ላይ ይሰጥ። ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ድራይቨር ገጽታ ሲቀየርለት መስመሩን ለአፍታ ያቋርጣል፤ በዚያው ካርድ በኤስኤስኤች ከርቀት ገብታችሁ ከሆነ ይህን አስባችሁ ሥሩ። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ትራፊክ በሚያስተናግድ ሰርቨር ላይ ኦፍሎድ ሲጠፋ የፕሮሰሰሩ ጫና ይጨምራል።

ይህ ለውጥ ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ይጠፋል። «አስተካክለነው ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው። ትእዛዙን በሲስተምዲ አገልግሎት ወይም በኔትወርክ ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ አኑሩት፤ ስኖርትም ከእርሱ በኋላ እንዲነሣ አድርጉ። ስክሪፕቱን ስትጽፉ የስሕተት መልእክቱን ወደ ዴቭ-ነል (የተላከለትን ሁሉ ወደሚያጠፋው) አትላኩ። ከማውቃቸው ማሽኖች በአንዱ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲታደስ የኢንተርፌሱ ስም ከኢቲኤች0 ወደ ሌላ ተቀይሮ፣ ስክሪፕቱ በሌለ ካርድ ላይ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ስሕተቱን የሚያፍነው ያ አንድ መስመር ባይኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር፤ አሁን ግን ማሽኑ ለወራት ምንም ሳያይ ተቀምጧል።

ኦፍሎዱን ማጥፋት የማይቻል ሲሆን ስኖርትን በትንሹ ኬ «ነን» የሚል እሴት ሰጥቶ ማስነሣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቼክሰም ጨርሶ አይፈትሽም። በአንድ ማሽን ላይ ባሉ ኮንቴይነሮች መካከል የሚመላለሰው ትራፊክ አካላዊ ካርድ ስለማያልፍ ቼክሰሙ ሳያልቅ ሊቀር ይችላል፤ በዚያ ቦታ መደበኛው መፍትሔ ይህ ነው። ከሰርቨሩ ራሱ የተቀዳ የፒካፕ ፋይል (የተቀዱ ፓኬቶች የሚቀመጡበት) በትንሹ አር ሲነበብም እንዲሁ፤ ፋይሉ ያላለቀውን ቼክሰም ይዞ ስለተጻፈ በዚያን ጊዜ ኢትቱል ምንም አይረዳም። ሱሪካታም ይህንኑ አማራጭ ይቀበላል፤ ከፒካፕ ፋይል ሲያነብና ከፓኬቶቹ አንድ አሥረኛው የተበላሸ ቼክሰም ሲኖረው ራሱ ያስጠነቅቃል፣ የሚያነበው ካለ። ነገር ግን አማራጩን በሁሉም ቦታ በዘፈቀደ አታድርጉት። ቼክሰም የማይፈትሽ መርማሪን አጥቂ ሊያወናብደው ይችላል፦ ሆን ብሎ ቼክሰሙን ያበላሸውን ፓኬት ይልካል፣ ተቀባዩ ማሽን ይጥለዋል፣ መርማሪው ግን ይቀበለዋል፣ ሁለቱ የሚያዩት ውይይትም ይለያያል። ይህ ዘዴ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው የታወቀ ነው። የአማራጩ ሁለተኛ ጉድለት ደግሞ የተጣበቁትን ትላልቅ ፓኬቶች አለመለያየቱ ነው፤ ስለዚህ ጂአርኦና ኤልአርኦ ያም ሆነ ይህ መጥፋት አለባቸው።

ቼክሰሙ ደኅና ሆኖ አሁንም ዝም ካለ

ስኖርት 3 ደንብ ሳይሰጠውም ያለ ቅሬታ ይነሣል፤ ሲነሣ የሚያወጣውን የተጫኑ ደንቦች ቁጥር ተመልከቱ። ሆም-ኔት (የሚጠበቁት አድራሻዎች የሚጻፉበት የኮንፊገሬሽን እሴት) በግል አድራሻዎች ተሞልቶ ሰርቨሩ ግን የሕዝብ አድራሻ ያለው ከሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚመጣ ጥቃትን የሚፈልጉት ደንቦች አይነኩትም። ለሙከራ የጠየቃችሁት ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ደግሞ ይዘቱ የተመሠጠረ ስለሆነ በይዘት የሚፈልግ ደንብ ምንም አያገኝም፤ ያለ ምሥጠራ በሚመልስ ሰርቨር ላይ ድገሙት።