የድሮ የአሜሪካ ፉትቦል ካርድ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶፕስ የተባለው የካርድ አሳታሚ በ1965 ባወጣው ስብስብ ውስጥ ቁጥር 122 የታዋቂው ተጫዋች የጆ ናማት ሩኪ ካርድ ነው፤ ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ማለት ነው። የካርዶችን ይዞታ መርምሮ እስከ 10 ደረጃ የሚሰጠውና በፕላስቲክ የሚያሽገው ድርጅት ፒኤስኤ 6 ብሎ ያሸጋቸው ሁለት የናማት ካርዶች በአንድ ሳምንት ለጨረታ ቢቀርቡ አንዱ ከሌላው በብዙ በልጦ ሊሸጥ ይችላል። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ከቁጥሩ አልመጣም። በዚህ ገበያ ገንዘብ የሚበሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩትም ያንን ቁጥር እንደ ዋጋ ከመቁጠር ነው።

የምናወራው ኳሱ በእጅ ተይዞ ስለሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩን ገዝቶ ካርዱን አለማየት

ደረጃ ሰጪዎቹ በዋናነት አራት ነገር ያያሉ፦ ማዕዘኖቹን፣ ጠርዞቹን፣ ገጹን እና ሴንተሪንጉን፣ ማለትም ምስሉ በዙሪያው ካለው ክፈፍ አንጻር ምን ያህል መሃል ላይ እንደተቀመጠ። አንድ ካርድ 6 ያገኘው ማዕዘኖቹ ትንሽ ስለተጠጋጉ ሊሆን ይችላል። ሌላው ማዕዘኑ የሾለ ሆኖ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ስለተገፋ 6 ያገኛል። የድሮ ካርድ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሻሙት የመጀመሪያውን ነው። ማዕዘን ላይ ያለ ትንሽ ድካም ቀረብ ካላሉ አይታይም፤ ወደ ጎን የተገፋ ምስል ግን ከሩቅ ያስታውቃል።

ሴንተሪንግ በግምት አይታይም፣ ይለካል። የግራው ክፈፍ 2 ሚሊ ሜትር፣ የቀኙ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድምሩ 5 ነው፤ ስለዚህ ካርዱ 60/40 ነው ይባላል። ላይና ታቹንም እንዲሁ ይለኩና ከሁለቱ የከፋውን ይያዙ። ፒኤስኤ ከፊት ለፊት ለ9 እስከ 60/40፣ ለ8 እስከ 65/35፣ ለ7 እስከ 70/30 ይቀበላል። የሚያስፈልገው ንጽጽሩ ብቻ ስለሆነ ስክሪን ላይ ባለ ፎቶም መለካት ይቻላል፤ ፎቶው ከጎን ዘንበል ተደርጎ የተነሳ አለመሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

ከቁጥሩ ጎን ፊደል ካለም ቆም ይበሉ። ‹‹8 ኦሲ›› ማለት ካርዱ በሌላው ነገር 8 ይገባው ነበር፣ ሴንተሪንጉ ግን ለ8 አይበቃም ማለት ነው። ‹‹ኤምኬ›› በእስክሪብቶ ወይም በእርሳስ ምልክት እንደተደረገበት፣ ‹‹ኤስቲ›› ደግሞ እድፍ እንዳለው ይናገራል። ገበያው ፊደል ያለበትን ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደረጃ ያህል አውርዶ ነው የሚገዛው። ሻጩ በርዕሱ 8 ብቻ ጽፎ ፊደሉን ቢተወው ፎቶው ላይ ፈልገው ያግኙት።

የየዓመቱን ህትመት ድክመት ሳያውቁ መግዛት

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ብዙ ዋጋም የሚያስከፍለው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ዓመት የታተመበት መንገድ የራሱ ደካማ ቦታ አለው፤ የትኛው ደረጃ ብርቅ እንደሆነ የሚወስነውም ያ ደካማ ቦታ ነው።

የ1971 ቶፕስን እንውሰድ። የቴሪ ብራድሾው ሩኪ ቁጥር 156 ሲሆን ክፈፉ ቀይ ነው። ቀለሙ እስከ ጠርዙ ድረስ ስለሚሄድ ትንሽ ፍግፍግታ እንኳን ነጩን ወረቀት ያወጣዋል። በነጭ ክፈፍ ላይ የማይታይ ጉዳት እዚህ እንደ ኖራ ነጠብጣብ ፈጦ ይታያል። የ1986ቱ የጄሪ ራይስ ካርድ ቁጥር 161 ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሜዳ እንዲመስል የተሠራው አረንጓዴ ክፈፍ በቀላሉ ይላጣል። ስለዚህ ንጹሕ ጠርዝ ያለው ብራድሾው ወይም ራይስ ሲገኝ ከነጭ ክፈፍ ካርዶች የተለየ ጭማሪ መጠየቁ ተገቢ ነው። የ1981ዱን የጆ ሞንታና ሩኪ፣ ቁጥር 216ን፣ በዚሁ ሒሳብ መግዛት ግን ስህተት ነው፤ ክፈፉ ነጭ ነው፣ በብዛትም ተጠብቆ ቆይቷል።

የ1965 ቶፕስ ካርዶች ቁመታቸው 119 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀጭንና ረጅም በመሆናቸው ከተለመደው መጠን ጋር በአንድ ሳጥን ሲቀመጡ ከላይ ይወጣሉ፤ ለዚህም ነው የላይኛው ማዕዘናቸው ብዙ ጊዜ የተጎዳው። ፎቶ ሲጠይቁ መጀመሪያ እዚያ ይዩ።

ቦውማን የተባለው ሌላ አሳታሚ በ1952 ያወጣው ትልቁ ስብስብ (ትልቁ የተባለው በካርዶቹ መጠን ነው) 144 ካርዶች አሉት። ቁጥራቸው ለ9 የሚካፈል፣ እንዲሁም ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የያዙት ካርዶች በቁጥር አነስተኛ ናቸው፤ በማተሚያው ሉህ ዳርና ዳር የወደቁት እነሱ ስለሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ካርድ፣ የጂም ላንስፎርድ ቁጥር 144፣ ተጫዋቹ ዝነኛ ሳይሆን ከስብስቡ አስቸጋሪዎቹ አንዱ ሆኗል። በ1957 ቶፕስ ደግሞ ከ89 እስከ 154 ያለው ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ጥቂት ነው። የባርት ስታር ቁጥር 119፣ የጆኒ ዩናይተስ ቁጥር 138 እና የፖል ሆርነንግ ቁጥር 151 ሩኪዎች ሦስቱም የሚገኙት በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ብርቅነትና ፍላጎት እንዲህ ሲገናኙ ዋጋው በቀላሉ አይወርድም።

ጥቂት መሆኑን እንደ ተፈላጊነት መቁጠር

ፒኤስኤ ለእያንዳንዱ ካርድ በየደረጃው ስንት እንዳሸገ የሚያሳይ የፖፑሌሽን ሪፖርት አለው። ሻጮች ‹‹በዚህ ደረጃ ያሉት አራት ብቻ ናቸው›› እያሉ ይጽፋሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ምክንያቱን ይጠይቁ። ስሙ የማይታወቅ የ1970ዎቹ ተከላካይ በደረጃ 9 አራት ብቻ የሆነው ለማሳሸግ ከፍሎ የሚልከው ስለሌለ ሊሆን ይችላል። የሚፈልገው ሙሉ ስብስብ የሚሰበስበው ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ጨረታ ከተገናኙ ዋጋው ይሰቀላል፣ በሚቀጥለው ወር አንዱ ካርዱን ስላገኘ ይወርዳል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ከፍ ያለ ደረጃ ለማግኘት ካርዱን ከማሸጊያው አውጥተው ደጋግመው የሚልኩ አሉ። አሮጌውን መለያ ለድርጅቱ ካልመለሱ አንዱ ካርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ሪፖርቱን እንደ ፍንጭ ይያዙት እንጂ እንደ ሕዝብ ቆጠራ አያጥብቁት።

ፍላጎት የሚሄደው ወደ ኳርተርባኮች፣ ማለትም ጨዋታውን ወደሚመሩትና ኳሱን ወደሚወረውሩት፣ እና ወደ ታላላቅ ሯጮች ነው። ተከላካዮችና የመስመር ተጫዋቾች ዝናቸው ትልቅ ቢሆንም ዋጋቸው ዝቅ ይላል፤ እንደ ዲክ በትከስና ሎረንስ ቴይለር ያሉት ብቻ ናቸው ከዚህ የሚያመልጡት። የአካባቢ ፍቅርም ይቆጠራል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቶሎ የሚሸጠው ከ1937 እስከ 1952 ለዋሽንግተን የተጫወተው ሳሚ ባው ነው፤ ሊፍ የተባለው አሳታሚ በ1948 ያወጣውን ቁጥር 34 እና የ1948 ቦውማን ቁጥር 22 ካርዶቹን ይፈልጉ።

የተጠየቀውን ዋጋ እንደ ተሸጠበት መውሰድ

ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለወራት ተሰቅሎ የቆየ ዋጋ የሚነግርዎ ካርዱ በዚያ ዋጋ እንዳልተሸጠ ነው። የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ያብሩ። እዚያም ላይ ወጥመድ አለ፦ ሻጩ በድርድር ዝቅ ያለ ዋጋ ተቀብሎ ከሆነ የሚታየው የተሰረዘው የመጀመሪያ ዋጋ ነው፤ የተከፈለው ከዚያ በታች ነው። በጨረታ ቤቶች ደግሞ የሚታወጀው ዋጋ ብዙ ጊዜ የገዢውን ኮሚሽን፣ ለምሳሌ 20 በመቶ፣ ጨምሮ ነው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ውጤቱን ያዛባል።

ቢያንስ አምስት የቅርብ ጊዜ ሽያጮችን ይዩ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ይተዉ። ደረጃው አንድ ይሁን፣ ደረጃ ሰጪውም አንድ ይሁን። ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲ እና ቤኬት በተመሳሳይ ቁጥር ተመሳሳይ ዋጋ አያስገኙም፤ በዚህ ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤስኤ ይመራል። የ2021 መጀመሪያ ሽያጮችን ደግሞ ጨርሶ አይጠቀሙ። ያኔ ገበያው ከመጋሉ የተነሳ ፒኤስኤ በመጋቢት ወር የተቆለለበትን ሥራ ለማቃለል አብዛኞቹን አገልግሎቶቹን አቁሞ ነበር፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ወርዷል።

ወቅትም አለው። ውድድሩ መስከረም ላይ ሲጀመር ፍላጎቱ ይነሳል፣ የውድድሩ ፍጻሜ ከሆነው ከየካቲቱ ሱፐር ቦውል በኋላ ይቀዘቅዛል። የድሮ ካርዶች እንደ አዲሶቹ አይዋዥቁም፤ ቢሆንም ለገዢ የአሜሪካው ፀደይና የበጋ መጀመሪያ ይሻላሉ።

ያልታሸገ ካርድ ያለ መሣሪያ መግዛት

ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ የሚሊ ሜትር ማስመሪያና ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ይበቃሉ።

መጀመሪያ ይለኩ። ከ1957 ጀምሮ የቶፕስ መደበኛ መጠን 63.5 በ88.9 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮ መቁረጫዎች ትንሽ ይሳሳቱ ስለነበር ከአንድ ስብስብ የሆነ ርካሽ ካርድ አብሮ ይዞ ማመሳከር ይሻላል። ያረጀ ገጽ ይዞ አንዱ ጎኑ ብቻ አዲስ ምላጭ የነካው ከመሰለ ተከርክሟል ብለው ይጠርጥሩ። የተከረከመ ካርድ ቁጥር አያገኝም።

ቀጥሎ ጥቁር ፊደሎቹን በአጉሊ መነጽር ይዩ። በዋናው ህትመት ፊደልና መስመር ሙሉ ቀለም ነው፤ ነጠብጣብ የሚታየው ፎቶው ውስጥ ነው። ከቅጂ ተነስቶ በታተመ ካርድ ፊደሉም ጭምር በነጠብጣብ ተሠርቶ ያገኙታል። ወረቀቱ በአልትራቫዮሌት ስር ቦግ ብሎ ሰማያዊ ነጭ ካበራ ደግሞ ብርሃን ሰጪ ኬሚካል አለበት ማለት ነው፤ ይህ ኬሚካል ከ1940ዎቹ መጨረሻ በፊት በወረቀት ውስጥ ስላልነበረ የሚያበራ የ1935 ናሽናል ቺክል ካርድ አይቀበሉ። አለማብራቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ከላይ ባየነው የብራድሾው ቀይ ጠርዝ ላይ ሌላ ተንኮል አለ፤ የተላጠውን በማርከር መቀባት። ካርዱን በጎኑ አቁመው የወረቀቱን ውፍረት ይዩ። ቀለሙ ወደ ነጩ ሰርጎ ከገባ ተቀብቷል።

ማሸጊያውን ሳያጣሩ ማመን

አስመስሎ የተሠራ ማሸጊያ አለ፤ አንዳንዱም የእውነተኛ ካርድ መለያ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው። ቁጥሩን ደረጃ ሰጪው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ማስገባት በቂ አይደለም። እዚያ ፎቶ ካለ ሴንተሪንጉን፣ የህትመት ነጥቦቹንና የማዕዘን ጉዳቱን ከያዙት ጋር ያመሳክሩ፤ ፎቶ ከሌለ የቀድሞ ሽያጩን ፎቶ ይፈልጉ። የፕላስቲኩ ጠርዝ የተነቀለና እንደገና የተጣበቀ ከመሰለ ይተዉት።

ሒሳብ ሳይሠሩ ለደረጃ መላክ

ለምሳሌ ያህል፣ ያልታሸገ ካርድ በ100 ዶላር ገዙ፤ ምርመራውና የደርሶ መልስ መላኪያው 60 ዶላር ፈጀ። ወጪዎ 160 ነው። 6 አግኝቶ በ150 ቢሸጥ፣ የኢቤይ ክፍያ 13 በመቶ አካባቢ ስለሆነ እጅዎ የሚገባው 130 ያህል ነው፤ 30 ዶላር ከሰሩ። 7 አግኝቶ በ280 ቢሸጥ 243 ያህል ይገባል፤ 83 ዶላር አተረፉ። ውሳኔው ያለው በ6 እና በ7 መካከል ከሆነ፣ ካርዱ 6 ቢያገኝስ ብለው ነው ማስላት ያለብዎ። የአገልግሎቱ ክፍያ ካርዱ በሚያወጣው ዋጋ እንደሚወሰንም አይርሱ፤ ዋጋው ከገለጹት በላይ ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱን ያስከፍላሉ።

ሲልኩ ካርዱን መጀመሪያ በስስ ላስቲክ፣ ከዚያ በካርድ ሴቨር፣ ማለትም ከፊል ጠንካራ በሆነ የፕላስቲክ ማቀፊያ፣ ያስገቡ። በብሎን የሚጠበቅ ማቀፊያ ገጹን ስለሚጨፈልቅ አይጠቀሙ። የ1965ቶቹን ወደ ተለመደው መጠን አያስገድዱ፤ ለነሱ የሚሆን ረጅም ማቀፊያ ይሸጣል። የእርሳስ ምልክት በላጲስ ማጥፋትም ይቅርብዎት፤ ፍቁ ከምልክቱ በላይ ይጎዳል።

የታሸገ ካርድ አይበላሽም ብሎ ማሰብ

ማሸጊያው ውኃም እርጥበትም አይከለክልም፣ ቀለሙን ከፀሐይም አያድነውም። መስኮት ፊት አይስቀሉት፤ ምድር ቤት ውስጥም አያስቀምጡት። ፕላስቲኩ እንዳይጫጫር ለእያንዳንዱ ልኩ የሆነ ላስቲክ ያልብሱት። በፖስታ ሲልኩ በሁለት ካርቶን መካከል አድርገው፣ በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልለው በሳጥን እንጂ በኤንቨሎፕ አይሁን፤ ማዕዘኑ የተሰበረ ማሸጊያ እንደገና ለማሳሸግ ሌላ ክፍያ ይጠይቃል።