ከውጭ የመጣ የፋይናንስ ማሻሻያ ለአገር መስማማቱን እንዴት እንመዝን?

በምዕራባውያን አገሮች ተሞክሮ የተቀረጸ የመንግሥት ፋይናንስ ማሻሻያ ለውሳኔ ሲቀርብልዎ፣ ሰነዱን ከማገላበጥዎ አስቀድሞ ባለፈው ወር የተፈጸመ አንድ ክፍያ ይምረጡና ከግዢ ጥያቄው ጀምሮ ገንዘቡ ከባንክ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ይከታተሉት። ዕቃው ገቢ የሆነው ከክፍያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? የክፍያ ማዘዣው የተፈረመው በደንቡ መሠረት ነው ወይስ በቃል ትእዛዝ ተከፍሎ ሰነዱ ኋላ የተሟላ ነው? የወሩ የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩ፣ በወቅቱ ተሠርቷል? በእኔ እምነት፣ ይህ የአንድ ክፍያ ጉዞ ከብዙ የአማካሪ ሪፖርት የበለጠ ይናገራል።

በተጻፈው ደንብና በሚሠራበት ልማድ መካከል ያለው ርቀት የማሻሻያውን ዕጣ ይወስናል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1989 ባወጣቻቸው ሕጎች ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በሰው ኃይልና በገንዘብ አጠቃቀም ላይ ሰፊ ነፃነት ሰጥታ በውጤት እንዲጠየቁ ስታደርግ፣ ውል የሚከበርበትና ደንብ የሚሠራበት አስተዳደር አስቀድሞ ነበራት። የበጀት ምሁሩ አለን ሺክ እ.ኤ.አ. በ1998 አብዛኞቹ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ይህን መንገድ ሊሞክሩት አይገባም ብሎ የተከራከረውም ከዚህ በመነሣት ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባለ አካል መቆጣጠር ሳይለመድ ኃላፊን ከቁጥጥር ነፃ ማውጣት ለብልሹ አሠራር በር ይከፍታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ኮምፒዩተር ይህን ክፍተት ይደፍናል ብለው ግን አይመኑ። እ.ኤ.አ. በ2013 በማላዊ በተጋለጠው የገንዘብ ዘረፋ፣ የመንግሥትን ክፍያ በኮምፒዩተር የሚመዘግበው የተቀናጀ የፋይናንስ ሥርዓት ሥራ ላይ እያለ ቼክ እየወጣ የክፍያው ምዝገባ ከሥርዓቱ ይሰረዝ ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት ክፍያ መዝጋቢው፣ አጽዳቂውና ሒሳብ አስታራቂው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ገቢና ወጪ ገንዘቡ እጅ በለወጠ ጊዜ ሳይሆን መብቱ ወይም ግዴታው በተፈጠረ ጊዜ ወደሚመዘገብበት የአክሩዋል ሒሳብ አያያዝ መሸጋገርም በዚሁ ዓይን ይታይ። የሕንፃዎችና የተሽከርካሪዎች መዝገብ ባልተሟላበት የእርጅና ቅናሽ (ንብረቱ በአገልግሎት የሚያጣውን ዋጋ) ማስላት ባዶ ቁጥር ማምረት ነው፤ የተመሰከረላቸው የሒሳብ ባለሙያዎች ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ያሉትን ከዕለት ክፍያ ቁጥጥር ነጥቆ ይወስዳል። በጥሬ ገንዘብ መሠረት የሚሠራው ሒሳብ በየወሩ እስኪዘጋና ውዝፍ ዕዳ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ ሽግግሩ ይዘግይ። በአንጻሩ የተበታተኑ የባንክ ሒሳቦችን ወደ አንድ የግምጃ ቤት ሒሳብ ማሰባሰብ በቂ ዝግጅት ከተደረገለት ሊጠቅም የሚችል፣ ሐሳቡ ከውጭ ስለመጣ ብቻ ሊናቅ የማይገባው ማሻሻያ ነው።

በመጨረሻ፣ የለጋሹ ገንዘብ ሲያልቅ የሶፍትዌሩን ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያና የጥገና ባለሙያዎቹን ደመወዝ ማን እንደሚችል ይጠይቁ፤ ወጪው በመደበኛ በጀት ላይ የራሱ ርዕስ ተሰጥቶት እስኪያዩት ድረስ ስምምነቱን አይፈርሙ።