ርካሽ ፋውንዴሽን ለደጋ ፊት፦ ወዙን የሚያጠፉ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ሠርግ ይበዛል። ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ደግሞ ፊት ያደርቃል። ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ብዬ፣ ወዝ ይሰጣል የተባለ ርካሽ ፋውንዴሽን፣ ማለትም የፊትን ቀለም የሚያስተካክል ቅባት ገዛሁ። ከቤት ስወጣ አምሮብኝ ነበር። ምሳ ሳይደርስ ግን አፍንጫዬ ዙሪያ ተቀርፎ፣ ጉንጬ ላይ ተሰነጣጥቆ አየሁት። ዕቃው የማይረባ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ደጋግሜ ስሞክረው ጥፋቱ የአቀባቤ መሆኑ ገባኝ። ያው ጠርሙስ ዛሬም አለኝ፤ እወደዋለሁም።

ፈረንጆቹ ‹‹ዲዊ›› የሚሉት ጤዛ ያረፈበት የሚመስል ፊትን ነው። እኛ ‹‹ወዝ›› እንላለን፤ ለእኔ የእኛ ቃል ትበልጣለች። ጤዛ ከላይ ይወርዳል፣ ወዝ ግን ከቆዳው ነው የሚወጣው። ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው፦ ወዙን ከጠርሙሱ መጠበቅ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ደረቅ ነው። ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ ይተናል። ቀለሙ ብቻውን ይቀርና የደረቀው ቆዳ ላይ ይሰበሰባል። በረዶ በሚመስል ብርድ ፊቱን በሙቅ ውኃ የሚታጠብ ሰው ደግሞ ያችኑ የቀረችውን ቅባት ያጥባታል። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ ታጠቡ። ፊታችሁን በፎጣ አትፈግፍጉት፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ክሬም ቀቡበት። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ይህቺን 10 ደቂቃ እባካችሁ አትዝለሏት። ክሬሙ ሳይገባ ፋውንዴሽን ከተደረበበት እየተጠቀለለ ይነሣል።

ከፋርማሲ የምንገዛው ግሊሰሪን ለዚህ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን ብዙዎቻችን ሳናቀጥነው ደረቅ ፊት ላይ እንለቀልቀዋለን። ግሊሰሪን ውኃ ይስባል። አየሩ ደረቅ ሲሆን የሚስበው ከራሱ ከቆዳው ነው። ሁለት ጠብታ ብቻ በእርጥብ ፊት ላይ አድርጉ፣ ክሬሙን በላዩ ደርቡ። ቫዝሊን ደግሞ ማታ ለተሰነጠቀ ከንፈር ወርቅ ነው። ፋውንዴሽን ሥር ግን ቀለሙ እንዲንሸራተት ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው ስህተት የቀለም ምርጫ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን፣ እጅ ጀርባ ላይ ሞክሮ መግዛት። እጅና ፊት አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውም። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ አገጫችሁ ጎን፣ ፊትና አንገት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቀለም አስምሩና በር ላይ ውጡ። በቀን ብርሃን ጠፍቶ የማይታያችሁ እሱ ነው የእናንተ። እኛ ደጋ ላይ ፊታችን ፀሐይ ይመታዋል፣ አንገታችን በነጠላ ወይም በሻርፕ ተሸፍኖ ይውላል። ፊት ብቻ ታይቶ ከተመረጠ አንገት ሌላ ሰው ይመስላል። ደግሞ ቶሎ አትክፈሉ። አንዳንዱ ፋውንዴሽን ፊት ላይ ከቆየ በኋላ ይጠቁራል። 15 ደቂቃ ገበያ ዞራችሁ ተመለሱና በመስታወት እዩት።

ከራስ ቀለም የሚቀላውን መምረጥስ? ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። ጠይም ፊት ጠይም ሆኖ ሲወዛ ነው የሚያምረው። በቀላ ፋውንዴሽን ላይ ወዝ ሲጨመርበት አመድ የነካው ይመስላል፣ ፎቶ ላይ ደግሞ ይብሳል። ትክክለኛው ቀለም ከጠፋ፣ ከጓደኛ ጋር ተካፍላችሁ አንድ ጠቆር ያለና አንድ ቀላ ያለ ገዝታችሁ መቀላቀል ይሻላል።

የጠርሙሱን ጽሑፍ አለማንበብም ብዙ ያስከስራል። ለምሳሌ ሜይቤሊን የተባለው ድርጅት ‹‹ፊት ሚ›› (Fit Me) የሚለው ፋውንዴሽን ሁለት የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ‹‹ማት›› (የማያብለጨልጭ) የሚለው ቅባት ለሚበዛበት ፊት፣ ‹‹ዲዊ›› የሚለው ለደረቅ ፊት የተሠራ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ በቀላሉ ይምታታሉ። የደጋ ደረቅ ፊት ላይ ማት መቀባት በድርቀት ላይ ድርቀት ነው። ከኋላ ደግሞ የተከፈተ ቆርቆሮ የምትመስል ትንሽ ሥዕል ፈልጉ። ‹‹12ኤም›› ካለች፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ሽታው የተቀየረ ወይም ዘይቱ ለብቻው የተለየ ከሆነ አትግዙ።

‹‹ፋውንዴሽኔ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠን) ስላለው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) አያስፈልገኝም›› የሚለው ነገር ግን በእኛ አገር አደገኛ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ይጨምራል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ። ብርዱ ስለሚያታልለን አይሰማንም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከላከያ በሙሉ ለማግኘት ደግሞ ማንም ከሚቀባው በላይ በጣም ብዙ መለቅለቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሰንስክሪን፣ ቀጥሎ ፋውንዴሽን።

ብዛት? አንድ ጠብታ ለግማሽ ፊት ይበቃል። ከመሀል ጀምራችሁ ውኃ ነክራችሁ በደንብ በጨመቃችሁት ስፖንጅ መታ መታ አድርጉ። አትጎትቱት። ፓውደርም ፊት ሙሉ አይነሰነስም፣ ከፍላችሁ የገዛችሁትን ወዝ መልሳችሁ ታደርቁታላችሁ። ለአፍንጫ ጎንና ለግንባር ትንሽ ካደረጋችሁ በቂ ነው።

የመጨረሻው ስህተት መንገድ ላይ የሚሠራ ነው። ደብረ ብርሃን ተኳኩሎ ሸዋ ሮቢት ሠርግ መሄድ። ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ ከፍታው እየቀነሰ 1,300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ይቀበላችኋል። ደጋ ላይ ወዝ የነበረው እዚያ ላብ ይሆናል። እኔ አሁን ጠዋት ሰንስክሪን ብቻ ቀብቼ እሳፈራለሁ፤ ፋውንዴሽኑን እዚያ ደርሼ፣ ክሬሙን ቀነስ አድርጌ እቀባለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሶፍት አይጠፋም። ሲያልበኝ አልጠርግም፣ ሶፍቱን ፊቴ ላይ ጫን አድርጌ አነሣዋለሁ። ላቡ ይሄዳል፣ ቀለሙ ይቀራል።