የኬዝ ሰንጢ እጅዎ ገባ? ዕድሜውን ከማኅተሙ፣ ዋጋውን ከስለቱ ያንብቡ

አሜሪካ ውስጥ በያርድ ሴል (ሰው በግቢው አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት) ወይም ከሟች ቤት በሚወጣ ዕቃ መሀል አሮጌ ታጣፊ ሰንጢ አይጠፋም። አብዛኛው ከሥራ ዕቃነት ያለፈ ዋጋ የለውም። ኬዝ የሚል የአሜሪካዊ ሰንጢ ፋብሪካ ማኅተም ያለበትን ግን ሳያገላብጡ አያስቀምጡት። ኬዝ ከሌሎች የሚለይበት ዋና ነገር በብዙ ዘመኑ የተሠራበትን ዓመት ብረቱ ላይ መጻፉ ነው። ጽሕፈቱን ማንበብ ለቻለ ሰው ግምት የሚባል ነገር እምብዛም አይቀርም።

ከምንም በፊት፦ አይወልውሉት። ጥቁርና ግራጫ መልኩ የዕድሜ ወዝ ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። በማሽን የተወለወለ ሰንጢ የማኅተሙ ፊደላት ይደበዝዛሉ፣ የስለቱ ጠርዞች ይዶለዱማሉ፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ መመለሻ የለውም። የሚያስፈልግዎ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። ስለቱ በዝገት ተጣብቆ ካልተከፈተ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ጥሩ የማሽን ዘይት ጨምረው ያሳድሩት። በፒንሳ አይሳቡ፤ የፒንሳ ጥርስ የተወው ጭረት አይጠፋም።

ማኅተሙ የሚገኘው በስለቱ ሥር፣ ከእጀታው ጋር በሚገናኘው ያልተሳለ ክፍል ላይ ነው። ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ተንተርሶ እንዲያልፍ አድርገው ያብሩ፤ የደበዘዘ ፊደል በጥላው ይታያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ኬዝ ቴስትድ ኤክስኤክስ» የሚለው ከ1920 እስከ 1940 ድረስ የተሠራ ነው። «ኬዝ ኤክስኤክስ» ብቻ ከሆነ ከ1940 እስከ 1964 ገደማ ነው። ከሥሩ «ዩኤስኤ» ሲጨመርበት ከ1965 እስከ 1969 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ከ1970 ጀምሮ ነጠብጣቦች መጡ፦ በ1970 አሥር ነጠብጣብ ነበር፤ በየዓመቱ አንድ አንድ እየተቀነሰ በ1979 አንድ ብቻ ቀረ። በ1980 እንደገና ከአሥር ተጀምሮ በ1989 አንድ ላይ ደረሰ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለሰባዎቹ የነጠብጣቡን ብዛት ከ1980፣ ለሰማንያዎቹ ከ1990 ይቀንሱ። ሦስት ነጠብጣብ 1977 ወይም 1987 ነው ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው በኬዝ ስም የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ውስጥ ያለው ኤስ ፊደል ነው። በሰባዎቹ ክብ ክብ ያለ የተለመደ ቅርጽ አለው፤ በሰማንያዎቹ ግን ቀጥ ባሉ መስመሮች የተሰበረ፣ መብረቅ የመሰለ ነው። ብዙ ሻጭ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አንዳንዱ ሆን ብሎም ይሳሳታል።

ሌላው ወጥመድ የጠፋ ነጠብጣብ ነው። ዝገት ወይም ውልወላ አንዱን ካጠፋው ሰንጢው ከዕድሜው አንድ ዓመት ያንሳል። ስለዚህ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆኑን ይዩ። ያለ ምክንያት ሰፋ ያለ ክፍተት ካለ በዚያ ቦታ አንድ የነበረ ሊሆን ይችላል። ጭራው ረዝሞ በሌሎቹ ፊደላት ሥር የሚያልፈው ሲ፣ የኬዝ ስም የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፊደልም ብዙ ሰው ያሞኛል። አዎ፣ የጥንቶቹ ማኅተሞች ላይ ነበር፤ ግን ፋብሪካው ራሱ ኋላ ላይ መልሶ ተጠቅሞበታል። ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ስለቱን ገልብጠው በሌላው ፊት ቁጥር ይፈልጉ። ቀደምቶቹ ቴስትድ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የላቸውም፤ አለመኖሩ አያስደንግጥዎ። 6254 የሚል አገኙ እንበል። የመጀመሪያው አሃዝ የእጀታውን ዓይነት፣ ሁለተኛው የስለቱን ብዛት፣ የቀረው የሞዴሉን ቅርጽ ይናገራል። 6 አጥንት፣ 2 ሁለት ስለት፣ 54 ደግሞ ትራፐር የሚባለው ነው፦ ታጥፎ 10.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሁለት ረጃጅም ስለቶች ያሉት፣ አንዱ ሹል ጫፍ ሌላው ደንዘዝ ያለ ክብ ጫፍ ያለው። 3 ቢጫ ሰው ሠራሽ እጀታ፣ 5 የአጋዘን ቀንድ፣ 8 የእንቁ ዛጎል፣ 9 ዛጎል አስመስሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ 5254 ያው ትራፐር ሆኖ በቀንድ የለበሰ ነው፤ በተመሳሳይ ዘመንና ይዞታ ብዙውን ጊዜ ከባለ ቢጫው በዋጋ ይበልጣል። ቁጥሩ 5 እያለ እጀታው ቢጫ ከሆነ አንዱ ተቀይሯል። ከቁጥሩ ኋላ «ኤስኤስ» ካለ የማይዝግ ብረት፣ «ሲቪ» ካለ ክሮም ቫናዲየም ነው፤ ሁለተኛው ዘይት ካልነካው ይዝጋል።

6 ቁጥር ሁልጊዜ እውነተኛ አጥንት ማለት እንዳይመስልዎት። አጥንት የሚያስመስለው ዴልሪን የተባለው ፕላስቲክም በዚሁ ቁጥር ተሽጧል። በማጉያው የእጀታውን ጠርዝ ሲያዩ አጥንት ቀጫጭን ጥቁር ነጥቦችና ጭረቶች ያሳያል፤ ደም ስር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ፕላስቲክ ወጥ ነው። በጋለ መርፌ ወግተው እንዲሞክሩ የሚመክሩ አሉ፤ አይስሟቸው። ጠባሳ ከማትረፉም በላይ እጀታው ሴሉሎይድ ከሆነ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ካምፈርና ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ ያወጣል፤ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝም የራሱን ስለትና አጠገቡ ያሉትን ሰንጢዎች ሁሉ ያዝጋል። ሽታ ካለው ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት።

ዕድሜውንና ሞዴሉን ካወቁ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጠው የቀረው ብረት ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ስለቱን አጥፈው ጫፉ እጀታው ውስጥ እስከ የት እንደሚደርስ ይመልከቱ። በጫፉና በእጀታው መጨረሻ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ተስሏል ማለት ነው። ጫፉ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ጣት የሚቧጭር ከሆነ የስለቱ መቀመጫ ተበልቷል። ከዚያ የተመሳሳዩን ሞዴል ያልተነካ ሰንጢ ፎቶ ይፈልጉና ከጥፍር መክፈቻው ጉድጓድ እስከ ስለቱ አፍ ያለውን ስፋት ያነጻጽሩ፤ በመሳል ያለቀው ብረት የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

የአሜሪካ የሰንጢ ሰብሳቢዎች ማኅበር መመዘኛ ልማድ ሆኗል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ያልተሳለና ያልተያዘ «ሚንት» ይባላል። ከስለቱ እስከ 10 በመቶ ያለቀ «ኤክሰለንት»፣ 25 በመቶ ገደማ ያለቀ «ቬሪ ጉድ»፣ ግማሹ ያለቀ «ፌር» ነው። ከዚያ በታች ያለው ለመለዋወጫ ብቻ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሳለ ሚንት መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ያልተነካ ሰንጢ ካገኙ «ትንሽ ላሹለው» የሚል ሐሳብ አይምጣብዎ።

ሞላው ስለቱን ሲከፍቱም ሲያጥፉም ጠንከር ባለ ድምፅ መምታት አለበት። ተከፍቶ ግራና ቀኝ የሚወላወል፣ ወይም በራሱ ክብደት የሚወድቅ ስለት ዋጋ ይቀንሳል። ወላዋዩን ሚስማሩን በመዶሻ መትተው ለማጥበቅ አይሞክሩ፤ እጀታው አጥንት ከሆነ ይሰነጠቃል።

የተቀየረ ስለትና የሐሰት ማኅተም የሚያጋጥሙት ውድ በሆኑት ላይ ነው። በፋብሪካ የተመታ ፊደል ግድግዳው የጠራ፣ ወለሉ ለጥ ያለ ነው፤ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀረጸው ግን በማጉያ ሲታይ የመጫጫር ዱካ አለው። ስለቱ ሁሉ ጠቁሮ ማኅተሙ ያለበት ቦታ ብቻ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይሽሹ። ነባሩ ማኅተም ተፍቆ ከሆነ የስለቱ ሥር ይሳሳል፤ ከጎኑ ባለው የነሐስ ዝርግና በእሱ መካከል ክፍተት ይታያል። በሁለቱ ስለቶች ላይ የተለያየ ማኅተም መኖሩ ግን ወዲያው ሐሰት አያሰኝም። ዘመን ሲቀየር ፋብሪካው የተረፈውን አሮጌ ስለት ከአዲሱ ጋር ይገጥም ነበር፤ አንዱ ከ«ዩኤስኤ» ጋር ሌላው ያለ «ዩኤስኤ» የሆነ ሰንጢ በሰብሳቢ ዘንድ እንዲያውም ይፈለጋል። አንዱ ቴስትድ ሌላው ባለ ነጠብጣብ ከሆነ ግን የሰው እጅ ገብቶበታል።

ለዋጋ የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን ብቻ ይዩ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ማጣሪያ አለ። ማንም ሰው 500 ዶላር ብሎ ሊለጥፍ ይችላል። ሞዴሉ፣ ማኅተሙ፣ እጀታውና ይዞታው የሚመሳሰል ቢያንስ አምስት ሽያጭ ያግኙ። ለምሳሌ 60፣ 75፣ 80፣ 95 እና 240 ዶላር ካገኙ መነሻዎ መሀሉ ላይ ያለው 80 ነው። ባለ 240ው ከነካርቶኑ የተሸጠ ወይም ሁለት ሰው የተፎካከረበት ሊሆን ይችላል። ከ80ው ላይ የገበያውን ኮሚሽንና የመላኪያውን ይቀንሱ። ለነጋዴ በጥሬ ገንዘብ ከሸጡ ትርፉን ስለሚያስብ ከዚህም ያነሰ ይሰጥዎታል፤ ይህን እንደ ማጭበርበር አይቁጠሩት።

እስኪሸጥ ወይም ለልጅ እስኪተላለፍ ድረስ በቆዳ ሰገባ ውስጥ አያስቀምጡት። ቆዳ የተለፋበት ኬሚካል ነሐሱን አረንጓዴ ዝገት ያስይዘዋል። ስስ የማዕድን ዘይት ቀብተው፣ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ እያደር ይወፍራል፣ ሞላውንም ያጣብቃል።