ቅዳሜና እሁድ ከስፔን ቤተሰብ ጋር፦ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከማድሪድ በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው ሳላማንካ፣ እ.ኤ.አ. በ1218 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ስፓኒሽ ለመማር ከየአገሩ ተማሪ ይጎርፍባታል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ሴሚስተር ከሚመጡት መካከል የሐበሻ ልጆችም አይጠፉም። ብዙዎቹ የሚያርፉት ፕሮግራሙ ከሚመድብላቸው ቤተሰብ ዘንድ ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪውም የቤቱ ሰዎችም ሩጫ ላይ ናቸው። ጠዋት ቡና በወተትና የተጠበሰ ዳቦ ቀመስ አድርጎ መውጣት ነው። አብሮ መኖር የሚባለው ነገር የሚጀምረው ቅዳሜ ነው። ተማሪው አንድም የሆቴል ደንበኛ፣ አንድም የሚሽኮረመም እንግዳ ሆኖ የሚቀረውም በእነዚሁ ሁለት ቀናት ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጩ ናቸው።

በየሳምንቱ ሻንጣ ይዞ መውጣት

ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት በበዛበት አህጉር ዓርብ ማታ ወደ ሊዝበን፣ በቀጣዩ ሳምንት ወደ ፓሪስ መብረር ያጓጓል። አልፎ አልፎ ቢደረግ ክፋት የለውም። ግን ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲህ ያሳለፈ ተማሪ አብሮት የተጓዘው የገዛ ጓደኞቹ ቡድን ነው፤ የሚያወራውም እንግሊዝኛ ነው። ቤተሰቡን የሚያውቀው በኮሪደር ሰላምታ ብቻ ሆኖ ይመለሳል።

በተለይ «መንደር እንሂድ» ተብላችሁ ከተጋበዛችሁ ሌላውን ዕቅድ ሰርዙ። ከተማ የሚኖሩ ብዙ ስፔናውያን አያቶቻቸው የኖሩበት፣ እነሱ ፑዌብሎ የሚሉት መንደር አላቸው፤ ለበዓልና ለእረፍት ቀን ወደዚያው ይሄዳሉ። አያቶች፣ አክስቶችና የአክስት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተቋረጡና እየተደራረቡ ሲያወሩ መስማት የትኛውም ክፍል ውስጥ የማይገኝ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ላይገባችሁ ይችላል። አይግባችሁ፤ ሂዱ።

በይሉኝታ «በቃኝ» ማለት

እኛ ዘንድ ምግብ ሲቀርብ እሺ ብሎ ዘሎ መያዝ ነውር ነው። «በልቻለሁ» እንላለን፤ ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ እንደገና እምቢ እንላለን፤ «አፈር ስሆን» ስትል እንቀርባለን። ስፔን ውስጥ ይህ ልማድ አያዋጣም። አያት ካለች አንዴ ሁለቴ ትገፋፋ ይሆናል። የቤቱ እናት ግን «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካላችኋት እውነት መስሏት ሳህኑን ታነሳዋለች። ከዚያ በኋላ እስከ እራት መጠበቅ ነው፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ወይም ከ4 ሰዓት በፊት ላይቀርብ ይችላል።

ስለዚህ ከራባችሁ «አዎ» በሉ፤ ከጠገባችሁም «ጠግቤያለሁ፣ በጣም ጥሩ ነበር» በሉ። እውነተኛው መልስ እንደ ድፍረት አይቆጠርባችሁም፤ ምግብ የምትሠራዋን ሴት እንዲያውም ይገላግላታል።

በመጀመሪያው ሳህን መጥገብ

እሁድ ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በእነሱ ሰዓት 14፡30 ማለት ነው። የጠረጴዛ ልብሱ ተነጥፏል። ዳቦው የራሱ ሳህን የለውም፤ ከሳህናችሁ አጠገብ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል። መሀል ላይ ሰላጣ አለ፤ ሁሉም በየሹካው ከዚያው ያነሳል፤ በጋራ ገበታ ላደገ ሰው ይህ ቤት ቤት የሚል ነው። ከዚያ በጎድጓዳ ሳህን ምስር ይመጣል። በሳላማንካ አጠገብ ያለው የላ አርሙኛ ምድር በምስሩ የታወቀ ነው፤ ለስላሳና ሳይፈርስ የሚበስል ምስር ነው። ምስር ወጥ የናፈቀው ተማሪ ሁለተኛ ጭልፋ ይጠይቃል፣ በዳቦ ጠርጎ ይጨርሳል፣ ምሳውም ያበቃ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሳህን ይመጣል፤ ዶሮ ወይም ዓሣ ከድንች ጋር። ከዚያም ፍራፍሬ። ምሳው ባለ ሦስት ዙር መሆኑን አውቃችሁ ሆዳችሁን መጥኑ።

ስለ አሳማና ስለ ጾም ሳይናገሩ መግባት

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም በላይ የሚከብደው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ የማንበላ ሕዝብ ነን። የሳላማንካ አውራጃ ደግሞ የአሳማ አገር ነው፤ በአገሩ ሁሉ የሚወደደው የጊኹዌሎ ሃሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን፣ ከዚያው ነው የሚወጣው። ኦርናሶ የሚሉት የከተማዋ ባህላዊ ዳቦም ውስጡ የሚሞላው ቾሪሶ የሚባለው የአሳማ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ነው።

«ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። ለብዙ ሰው ሥጋ ማለት ትልቁ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ በሰላጣው ላይ የተበተነው ቱና ወይም በአትክልቱ ውስጥ የተከተፈው ሃሞን ከቁጥር ላይገባ ይችላል። ያ የሚያምረው ምስርም ብዙውን ጊዜ የሚቀቀለው ከቾሪሶ ጋር ነው። ቾሪሶውን በማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥም ነገሩን አይፈታውም፤ ስቡ ከመረቁ ተዋህዷል። ለገና የሚቀርቡት ማንቴካዶ የሚባሉ ብስኩቶች እንኳ በልማድ የሚሠሩት በአሳማ ስብ ነው። ስለዚህ በዝርዝር ተናገሩ፦ ሃሞን አልበላም፣ ቾሪሶ አልበላም፣ በአሳማ አጥንት የተሠራ መረቅ አልበላም፣ የአሳማ ስብ ያለበት ጣፋጭ አልበላም። አንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ስለ ምግብ በሚጠይቀው ቅጽ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በደረሳችሁበት ቀን ወጥ ቤት ቆማችሁ። ሳህኑ ከቀረበ በኋላ መናገር ግን ሁለታችሁንም ያሳዝናል።

የኦርቶዶክስ ጾም የሚይዝ ተማሪ ተጨማሪ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የእነሱ ባህላዊ የዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ መተው ነው፤ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ይበላበታል። ስለዚህ «ጾም ላይ ነኝ» ስትሏቸው በደስታ የድንች ኦምሌት ሊሠሩላችሁ ይችላሉ። ቶሎ የሚገባቸው በእነዚያ ቀናት እንደ ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምንም እንደማይበላ ሰው፣ እንደምትበሉ ስትነግሯቸው ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴ የሚገባበትንና የሚፈታበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው፤ የእኛና የእነሱ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ቀን ነውና። ምን እንደማትበሉ ብቻ ሳይሆን ምን እንደምትበሉም ንገሯቸው፦ ሽምብራ በስፒናች፣ ምስር በአትክልት፣ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የተቀባ ዳቦ፣ በበጋ ደግሞ ጋስፓቾ የሚሉት ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ። እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ምግቦች ናቸው፤ እናትየዋ አዲስ ነገር መፈልሰፍ የለባትም።

ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የስፔን የምሳ ሰዓት ሊገጥም ምንም አይቀረው። ቁርስ የምትተዉት በጾም ምክንያት መሆኑን ከነገራችኋት የቤቱ እናት «ልጁ ታመመ እንዴ?» ብላ አትጨነቅም።

በልቶ ወዲያው መነሳት

ፍራፍሬው አለቀ፣ ሳህኑ ተነሳ፤ ማንም ግን ከመቀመጫው አልተንቀሳቀሰም። ሶብሬሜሳ ይሉታል፤ ከምግብ በኋላ በቡናና በወሬ የሚቆዩበት ጊዜ ነው፤ እሁድ እሁድ አንዳንዴ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ስልክ ይዞ ወደ ክፍል መግባት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያው ቅዳሜና እሁድ ከሚላችሁ ጊዜ ሁሉ ምረጡ ብባል እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

«ምን አወራለሁ?» ለሚል ዓይናፋር ወሬ አለ። በዕድሜ የገፉት እ.ኤ.አ. የ1992ቱን የባርሴሎና ኦሊምፒክ ያስታውሳሉ፤ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን የወሰደችው እዚያ ነው። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 የግማሽ ማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን በ1፡02፡52 የሰበረችው በቫሌንሲያ ጎዳና ላይ ነው። ታሪክ የሚወድ አጎት ካለ ፔድሮ ፓኤዝን አንሱለት፤ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ የገባ፣ በ1618 ግሽ ዓባይ የደረሰ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ነው። እኛ ስሙን የምናነሳው ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን መከራ ጋር ነው፤ እነሱ ካነሱት እንደ መንገደኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን አንድ ከሰዓት ይበላል።

ጀበናም እዚህ ሰዓት ላይ ቦታዋን ታገኛለች፤ ከምሳ በኋላ ቡና መጠጣት የእነሱም ልማድ ነው። ግን ሳታስፈቅዱ ቡና አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጭሱ። አፓርታማ ነው፤ ጭሱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። መስኮት ክፈቱ። ምድጃውንም አስቀድማችሁ እዩት፤ ኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል የብረት ድስትን ብቻ የሚያሞቅ) ከሆነ የሸክላ ጀበና አያሞቅም፤ ጋዝ ከሆነ ይሠራል።

የቤቱን ሂሳብ መዘንጋት

የሳላማንካ ክረምት ይበርዳል፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማሞቂያ ግን ውድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አይበራም። በባዶ እግር መሄድ አያስወድድም፤ ነጠላ ጫማ ወይም የቤት ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ገላ መታጠብን አሳጥሩ። በብርቱካንማ ሲሊንደር ጋዝ ውኃ የሚሞቅበት ቤት ከሆነ፣ እናንተ ስትራዘሙ ሲሊንደሩ በሚቀጥለው ሰው ላይ ያልቃል።

ልብስ ማጠብን በተመለከተ ቅዳሜ ለምን ማሽኑ እንደማያርፍ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጁን ጀምሮ በሰዓት ለሚከፍሉ ብዙ ቤቶች መብራት በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 እስከ 8 እና ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት በጣም ውድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ቀኑን ሙሉ በርካሹ ዋጋ ይታሰባል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማሽን ከመክፈት የቅዳሜውን ተራ ጠይቁ። የጥርስ ሳሙናና የመሳሰለውንም ቅዳሜ ግዙ፤ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።

ሳይናገሩ ማምሸት

የስፔን ወጣት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚወጣው፤ ንጋት ላይ መመለስ ብዙ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ሳይናገሩ መቅረት ነው። አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ለእራት አልደርስም፣ ቁልፍ ይዣለሁ።» ሰው ይዞ መግባት ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም።

ችግርን እስከ መጨረሻው መዋጥ

ጥሩ ጠባይ ያላቸው ልጆች በብዛት የሚጎዱት በዚህ ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ምግቡ አይበቃም፣ ቅዳሜና እሁድ ምሳ ይካተታል ተብሎ አይቀርብም፤ እነሱ ግን «ደጎች ናቸው፣ ምን ብዬ» እያሉ ወራት ያልፋሉ። መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ነው ሦስት፣ እሁድን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ከዚያ ለቤቱ እናት በለሰለሰ ቃል ንገሯት፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቃችሁ የምትከለክል አትመስለኝም። ካልተስተካከለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የፕሮግራሙን የመኖሪያ ቤት ኃላፊ አነጋግሩ። ቤት መቀየር የሚቻለው ገና ሴሚስተሩ ሲጀመር ነው፤ ፈተና ሲቃረብ ባዶ ክፍል ያለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል።